ቁስሉ ሲታጠብ የልጄን ቀልብ እንዴት ልውሰድ?

ጥያቄ፦ «አሰላሙ ዓለይኩም ሲስተር። የምጽፍልዎት ከጅማ ነው፤ ቤታችን ቆጪ ነው። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከአሥር ቀን በፊት ቡና ሳፈላ ጀበናው ተገለበጠና ጭኑ ላይ ፈሰሰበት። በየሁለት ቀኑ ጤና ጣቢያ ወስጄ ቁስሉ ይታጠባል። መጀመሪያ ደህና ነበር። አሁን ግን ባጃጁ ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ሲታጠፍ ገና ማልቀስ ይጀምራል። ውስጥ ስንገባ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። ‹አያምህም፣ አያምህም› እያልኩ እኔም አለቅሳለሁ። ባለቤቴ ስልክ ስጪውና ይርሳው አለኝ። ሰጠሁት፣ ወርውሮ መስታወቱን ሰነጠቀው። አማቴ ደግሞ ‹ልጅን አታታልሉት፣ ያልቅስና ይውጣለት፤ ሕፃን ነው ይረሳዋል› ይላሉ። ይሄ ማዘናጋት የሚሉት ነገር እውነት ይሠራል? ልጅን ማታለል አይሆንም? የሁለት ወር ሴት ልጅም አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የአሥር ሳምንት ክትባቷን ትወስዳለች። ይምከሩኝ።»

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። «እኔም አለቅሳለሁ» የምትለው ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እኔ የሕፃናት ነርስ ነኝ። እዚሁ ጅማ ብዙ ዓመት ልጆችን መርፌ ወግቻለሁ፣ ደም ቀድቻለሁ፣ ቁስል አጥቤያለሁ። የልጅ ለቅሶ ይለመዳል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልለመድኩትም፤ መልመድም አልፈልግም።

አማትሽ ካነሱት ነገር ልጀምር፤ ትልቅ ነገር ነው ያነሱት። ልጅን ማታለል ትክክል አይደለም። እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ግን ማዘናጋትና ማታለል የተለያዩ ናቸው። ችግሩ ቃሉ ራሱ በአማርኛ መጥፎ ስም አለው። መርካቶ ውስጥ አንዱ ሲያዘናጋሽ ሌላው ቦርሳሽን ይከፍታል። ስለዚህ እኔ «ቀልብ መውሰድ» ማለት ደስ ይለኛል። «አያምህም» ብትዪው ማታለል ነው፤ ምክንያቱም ያመዋል። «ነርሷ ፋሻውን ስታነሳ ሊያምህ ይችላል። እኔ አቅፌህ ነው የምቆየው። እስክትጨርስ እኔና አንተ አረፋ እንነፋለን» ብትዪው ግን ምን ደበቅሽው? ምንም። ሁሉን ነገር አውቆ ነው የሚገባው። አንቺ የጨመርሽለት የሚሠራው ሥራ ነው።

ይህን ልዩነት የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ለተከታታይ ቀናት መርፌ ታዝዞላት መጣች። «አያምሽም የኔ ቆንጆ፣ ልክ እንደ ጉንዳን ነው» አልኳትና ወጋኋት። በማግስቱ በሩ ላይ ሳለች አየችኝና ለእናቷ «ይቺ ውሸታም ናት» አለቻት። ከዚያ በኋላ ብዘፍንላት፣ አሻንጉሊት ባሳያት፣ ተረት ብነግራት ዓይኗን ከእጄ አልነቀለችም። እውነቷን ነው። አንዴ ያታለለ ሰው ቀልብ ሊወስድ አይችልም። ልጁ ያን ሰው በዓይኑ መጠበቅ አለበታ!

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ይሠራል ወይ? አዎ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ አደራረጉን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ቡና ለቀማ የዋለ ሰው ክንዱ መጫጫሩን የሚያውቀው ማታ ሲታጠብ ነው። ቀን ላይ ቆዳው አልተቧጨረም ነበር? ተቧጭሯል። መልእክቱ ግን ቦታ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በበር መሰሉት። ከቁስሉ የሚነሳው መልእክት ወደ አእምሮ ከመድረሱ በፊት በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ባለው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። እዚያ በር አለ፤ ይከፈታል፣ ይጠባል። ሌላ የሰውነት ስሜት ሊያጠበው ይችላል። አእምሮም ከላይ ሆኖ ሊያጠበው ይችላል። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስተካክሏል፤ የበሩ ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። ጤነኛ ሰዎች ክንዳቸው ላይ የሚያም ሙቀት እየተደረገባቸው አእምሮን የሚያደክም የማስታወስ ሥራ ተሰጣቸው። ተመራማሪዎቹ ኅብለ ሰረሰራቸውን የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው በኤምአርአይ መሣሪያ አዩት። ሥራው ከባድ ሲሆን የሕመሙ ምልክት ገና እዚያው ታች ቀነሰ። ከዚያ ደግሞ ሞርፊን የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው የማዘናጋቱ ጥቅም ወረደ። ምን ማለት ነው? ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ማስታገሻ አለ፤ ቀልብ ሌላ ቦታ ሲያዝ እሱ ይሠራል። ስለዚህ ልጅሽ አረፋ ሲነፋ «ሕመሙን ረሳው» ብቻ አትበዪ። በእውነት የሚደርሰው ሕመም አንሷል።

በልጆች ላይም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ ከመርፌ ጋር በተያያዘ 59 ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። በውስጣቸው ከ5,500 በላይ ልጆች ነበሩ፤ ከ2 እስከ 19 ዓመት ያሉ። ቀልብን መውሰድ ሕመምንም ጭንቀትንም እንደሚቀንስ ነው ያገኙት። ይቀንሳል ነው ያልኩሽ፤ ያጠፋል አላልኩም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ ከመታጠቡ በፊት ማስታገሻ ይወስዳል? በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። የቃጠሎ ቁስል እጥበት ከአንድ መርፌ ጋር አይወዳደርም። መርፌ በሰከንዶች ያልቃል፤ እጥበት ረጅም ነው፣ የተጋለጠ ነርቭ ነው የሚነካው። አረፋና ተረት ብቻቸውን ይህን አይችሉትም። ብቻቸውን እንዲችሉት መጠበቅም በልጁ ላይ ግፍ ነው። ቢያንስ ፓራሲታሞል ያስፈልገዋል። ከእጥበቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ መውሰድ አለበት፤ ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ቢዋጥ ሥራ የሚጀምረው እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ነው። መጠኑ በክብደት ነው። በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ሽሮፖች ጥንካሬያቸው ይለያያል፤ ስለዚህ «አንድ ማንኪያ» ብለሽ አትገምቺ። ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂና ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ያስሉልሽ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። በፓራሲታሞሉም ካልቻለ ከዚያ የጠነከረ መድኃኒት አለ። ሆስፒታል ውስጥ በባለሙያ ክትትል ሊታጠብ ይችላል። ይህን መጠየቅ ማስቸገር አይደለም።

ፋሻው ይጣበቃል? ቁስሉ ላይ የደረቀ ጓዝ፣ ማለትም ቁስል የሚሸፈንበት ስስ ጨርቅ፣ ሲነቀል ከእጥበቱ ሁሉ ያ ነው የሚብሰው። በጨው ውኃ ማለትም በኖርማል ሳላይን በደንብ ይረስርስና ለጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ነርሷን እንዲህ በያት፦ «ሲስተር፣ ወረፋ እንዳለብሽ አውቃለሁ። ግን ጓዙን አርሰሽው አንድ ሰው እያየሽ ብትመለሺ ልጁ ይረጋጋልኛል።» እኔ በዚያ ወገን የቆምኩ ነኝና እነግርሻለሁ፤ እንዲህ ተብላ የምትቆጣ ነርስ ጥቂት ናት። የረጋ ልጅ ለእኛም ጊዜ ያተርፍልናል።

አሁን ስልኩን እናንሳ። ባለቤትሽ ሐሳቡ ልክ ነበር። ስልክ ጥሩ መሣሪያ ነው። ለምን ተሰበረ ታዲያ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተሰጠው ልጁ መጮህ ከጀመረ በኋላ ነው። የጮኸ ልጅ ቀልብ ተይዟል፤ ያን ጊዜ የሚሰጠው ነገር ሁሉ ይወረወራል። ሁለተኛ፣ ዝም ብሎ የሚታይ ነገር ነው የተሰጠው። ዓይኑ ብቻ ነው የተያዘው፤ እጁና አፉ ነፃ ናቸው።

አሜሪካ ሲያትል ውስጥ የተቃጠሉ ሰዎችን የሚያክም ሃርበርቪው የሚባል ማዕከል አለ። እዚያ ቁስላቸው ለሚታጠብ ታካሚዎች ዓይን ላይ የሚደረግ መነጽር አዘጋጅተው በረዶ የሞላበት ዓለም ውስጥ ያስገቧቸዋል። ታካሚው በበረዶ ሸለቆ እየተንሳፈፈ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። ሕመማቸው በደንብ ቀነሰ። ጅማ ውስጥ ያ መነጽር የለንም። ግን ከእሱ የምንወስደው ነገር አለ። ታካሚው በረዶውን አይመለከትም ብቻ፤ ይወረውራል። ሥራ አለው። ልጅ እጁ፣ አፉና ሐሳቡ አብረው ሲሠሩ ነው ቀልቡ የሚሄደው። ስለዚህ በስልክም ቢሆን ካርቱን ከፍተሽ ከምትሰጪው በጣቱ የሚነካው፣ የሚቀባው፣ የሚያፈነዳው ጨዋታ ይሻላል። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ጠይቂው። «አሁን ማን መጣ? ምን ዓይነት ቀለም ነው? ቀጥሎ ምን ያደርጋል?» ኢንተርኔቱን አትመኚው፤ ቤት ሳለሽ አውርጂው።

እኔ ግን ለአራት ዓመት ልጅ ከስልክ በፊት አረፋ ነው የምመርጠው። ምክንያቱም አረፋ ለመንፋት ረጅም ትንፋሽ ማውጣት ያስፈልጋል። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይይዛል፣ ጡንቻው ሁሉ ይገተራል፣ ሕመሙ ይብሳል። ቀስ ብሎ ሲነፋ ሰውነቱ ይላላል። «ተረጋጋ» ከምትዪው «ትልቅ አረፋ ሥራልኝ፣ እንዳይፈነዳ ቀስ አድርገህ» ብትዪው ይሻላል። አሠራሩ ቀላል ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ውኃና ትንሽ ስኳር ቀላቅዪ። ስኳሩ አረፋው ቶሎ እንዳይፈነዳ ይረዳል። መንፊያው የተጠቀለለ ሽቦ ወይም ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ሊሆን ይችላል። በቀፎ ከሆነ መንፋት እንጂ መሳብ እንደሌለበት ቤት ውስጥ አለማምጂው። አረፋው ከቁስሉ እንዲርቅ ወደ ላይና ወደ ጎን ይንፋ። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። ብዙ እናቶች «ሻዩን እፍ በልልኝ» እያሉ ያስተነፍሳሉ፤ ቆንጆ ዘዴ ነው። ለአንቺ ልጅ ግን አይሆንም። እሱን ያቃጠለው የሚጤስ ነገር ነው። ላባ ይንፋ፣ አረፋ ይንፋ። ትኩስ ነገር አታንሺበት።

የእጥበት ቀን እንዴት ይዋል? እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ።

ከሦስት ቀን በፊት አልነግረውም። ለአራት ዓመት ልጅ ሦስት ቀን የጭንቀት ዘመን ነው። ደብቄም ባጃጅ ውስጥ አላስገባውም። በዚያው ቀን ጠዋት ቁርሱን በልቶ ሲጨርስ በቀላል ድምፅ እነግረዋለሁ። ከጨርቅ አሻንጉሊት እሠራለሁ፤ ጭኗ ላይ ፋሻ አስሬ «ና እንጠባት» እለዋለሁ። እሱ ነርስ ይሁን። ምን እንደሚላት አዳምጪ። «ዝም በይ! ያዟት!» ካለ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሰማ ታውቂያለሽ። «ቀስ አድርገን እንጠባት፣ እሷም አረፋ ትንፋ» በዪው።

ጨዋታው ባጃጁ ውስጥ ነው መጀመር ያለበት። ልቅሶው የሚነሳው መታጠፊያው ላይ ነው ብለሽኛል። እንግዲያው ከመታጠፊያው በፊት ቀልቡን መያዝ አለብሽ። እኔ ለጅማ ልጆች የምጠቀምበት የጉማሬ ተረት አለኝ። ተረት ብዬ ነው እንጂ እኔ አልጨርሰውም፤ ልጁ ነው የሚጨርሰው። «አንድ ጉማሬ ከቦዬ ውኃ ወጣ። ወደ ጅረን ሄዶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያይ ፈለገ። በባጃጅ ይሂድ በእግሩ?» «በባጃጅ!» «ባጃጁ ውስጥ ይገባል?» እዚህ ላይ የማይስቅ ልጅ አላየሁም። «ማን ይግፋው? ምን ቁርስ ይብላ? መንገድ ላይ ጉሬዛ አገኘውና ምን አለው?» ልጁ መልስ እየፈለገ ነው። መልስ መፈለግ ከባድ ሥራ ነው። ሃምቡርግ ላይ ያየነው ያንን ነው።

ሌላው ቋንቋ ነው። ከተማችን ውስጥ ብዙ ልጅ ቤቱ በኦሮምኛ ያወራል፤ ጤና ጣቢያ ሲገባ በአማርኛ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይባላል። ወይም ደግሞ የዳውሮ፣ የየም፣ የካፋ ልጅ ይመጣል። በፍርሃት ጊዜ ልጅ የሚሰማው እናቱ ያስተኛችበትን ቋንቋ ነው። ልጅሽ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብሎ የሚቆጥር ከሆነ በዚያው ቁጠሩ። ነርሷ ባትችል ችግር የለም፤ አንቺ ነሽ የምታወሪው።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ አልጋ ላይ አታስተኚው። በጀርባው ተኝቶ ጣራ የሚያይ፣ ሰው የከበበው ልጅ እንደታሰረ ነው የሚያስበው። አንቺ ተቀመጪ፤ እሱ ጀርባውን ደረትሽ ላይ አድርጎ ጭንሽ ላይ ይቀመጥ። አንድ ክንድሽ ደረቱን አቅፎ፣ ሌላው ያልተጎዳውን እግሩን ይያዝ። የተጎዳው እግር ወደ ነርሷ ይዘርጋ። እንዲህ ሲሆን አይንቀሳቀስም፤ ግን የያዘው እቅፍ ነው። ሦስት ሰው አያስፈልግም።

ከዚያ አንድ ድምፅ ብቻ። ይሄን ለሁሉም እናቶች እለምናለሁ። ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ እናት «አይዞህ» ትላለች፣ ነርስ «አትንቀሳቀስ» ትላለች፣ አክስት «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ትላለች፣ ወረፋ ላይ ያለች ሴት በበሩ አንገቷን አስገብታ «ጨርሰዋል፣ ጨርሰዋል» ትላለች። ልጁ ማንን ይስማ? ከአንቺና ከባለቤትሽ ማን እንደሚያወራ ቀድማችሁ ተስማሙ። አንቺ እንባሽ የሚቀድምሽ ከሆነ አባቱ ይግባ። ይህ እናትነትሽን አይቀንስም። ልጅ አደጋ መኖሩን የሚያነበው ከቁስሉ በፊት ከእናቱ ፊት ነው።

«አይዞህ» ስለሚለው ቃል ትንሽ ልቆይ። በውጭ አገር የወላጆችን ንግግር በመርፌ ጊዜ እየቀዱ ያጠኑ ሰዎች አሉ። ወላጅ «ደህና ነው፣ ምንም አይደለም» እያለ ሲደጋግም፣ ይቅርታ ሲጠይቅ ወይም ሲቆጣ ልጁ ይበልጥ ይጨነቃል። ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ፣ ሲያስቅ፣ «አሁን ንፋ» ሲለው ግን ይረጋጋል። መጀመሪያ ይህን ሳነብ ከበደኝ። ያለ «አይዞህ» ልጅ ያሳደገ ማን አለ? አንድ «አይዞህ» በረጋ ድምፅ፣ ከእቅፍ ጋር፣ ምንም አይጎዳም፤ የእኛ ሰው ፍቅሩን የሚናገርበት ቃል ነው። በሚንቀጠቀጥ ድምፅ አሥራ አምስት ጊዜ ሲባል ግን ልጁ የሚሰማው «የሚያስፈራ ነገር እየመጣ ነው» የሚለውን ነው። አንዴ በዪውና ወደ ጉማሬው ተመለሺ።

ምርጫ ስጪው፤ የእውነት ምርጫ። «እንጀምር?» አትበዪው፤ «አይሆንም» ካለ ምን ልታደርጊ ነው? «መጀመሪያ አረፋ ወይስ ተረት? ፕላስተሩን አንተ ትይዛለህ እኔ?» በዪው። ማቆሚያም ይኑረው። እጁን ሲያነሳ ነርሷ እጇን ታንሳ፣ እናንተ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ከዚያ ትቀጥል። ለነርሷ ቀድመሽ ንገሪያት። ያ ምልክት በእጁ እንዳለ ያወቀ ልጅ ከምታስቢው በታች ነው የሚጠቀምበት።

ማየት የሚፈልግ ልጅም አለ። ፊቱን ብታዞሪው ይጮኻል፤ ምን እየሆነ እንደሆነ ካላወቀ አይረጋጋም። ልጅሽ እንዲህ ከሆነ አታስገድጂው። ይይ፤ እያየ ግን ሥራ ይኑረው። የጓዞቹን ቁጥር ይቁጠር፣ ለነርሷ ፋሻ ያቀብል።

ደግሞ ዝምታ አያታልልሽ። ስልክ ላይ አፍጥጦ ፀጥ ያለ ልጅ ጥርሱን ነክሶ ይሆናል። እኛ መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን ስንለካ አምስት ነገር እናያለን፦ ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውን፣ ሲያባብሉት እሺ ማለቱን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ሰጥተን ከ10 እንደምራለን። አንቺም ጣቶቹን እዪ። የተጨበጠ እጅ፣ የተኮማተረ የእግር ጣት ካየሽ ማስታገሻው አልበቃውም ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ሰዓት ላይ ደርሻለሁ። እጥበቱ አለቀ፣ ቤት ገባችሁ። ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። ጎረቤት ይሰበሰባል። «እንዴት ነው ልጁ? ዛሬስ?» ይባላል። አንቺም በቀላሉ «አይ ተዉኝ፣ ግቢውን ነው ያናወጠው! ሦስት ሰው ነው የያዘው» ትያለሽ። ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጣል። ልጁ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ፈንዲሻውን እየበላ ይሰማል። የሚቀጥለው እጥበት የተጀመረው እዚያ ነው። ልጆች ሕመምን እንዴት እንደሚያስታውሱት የቀጣዩን ጊዜ ሕመም ይወስናል፤ ይህ በጥናት የታየ ነገር ነው። ትዝታው የሚሠራው ደግሞ በሚነገረው ወሬ ነው። ስለዚህ እውነቱን ሳትዋሺ ምረጪው። «መጀመሪያ ላይ አለቀሰ፣ አሞት ነበር። ከዚያ አራት ትልልቅ አረፋ ነፋ። ፋሻውን ራሱ ነው የያዘላት።» ይህን በጎረቤት ፊት በዪለት። ፊቱን እዪው ያን ጊዜ።

በዚያው ጎረቤቶችሽንም አንድ ነገር ለምኝልኝ። «ካስቸገርክ መርፌ አስወጋሃለሁ» መባሉ ይቁም። እኔ የቅጣት መሣሪያ ሆኜ ከተዋወቅሁት ልጅ ጋር ምን ዓይነት ጨዋታ ልጫወት?

«ሕፃን ነው ይረሳዋል» የሚለው ቀርቶብኛል። አማትሽ ብቻቸውን አይደሉም። የሕክምናው ዓለም ራሱ እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ጨቅላ ሕፃናት እንደ ትልቅ ሰው አይሰማቸውም ብሎ ያምን ነበር። በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው የተቀደዱ ሕፃናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ካንዋልጂት አናንድና ፖል ሂኪ የሚባሉ ሐኪሞች አራስም ሕመም እንደሚሰማው በማስረጃ ጻፉ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ወንድ ሕፃናት ከ4 እስከ 6 ወራቸው ሲከተቡ ታዩ። አራስ ሳሉ የተገረዙት ካልተገረዙት ይበልጥ ታመሙ። በማደንዘዣ ቅባት የተገረዙት ደግሞ በመካከል ሆኑ። ልጁ ግርዛቱን በቃል አያስታውሰውም፤ ሰውነቱ ግን ይዞታል። ይህን ለአማትሽ በአክብሮት አጫውቻቸው። እሳቸውንም አትተዪአቸው፤ ተረት ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ባጃጁ ላይ ቢሳፈሩ ጉማሬውን ከእኔ የተሻለ ያስኬዱታል።

ትኩሳት ካለው፣ ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ካየሽ ወይም ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ከሄደ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ይታይ።

የትንሿ ነገር ቀላል ነው። ለሁለት ወር ልጅ ጡትሽ ከማንኛውም አሻንጉሊት ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክር ጡት ማጥባትን አስቀምጧል። ጣፋጭነቱ፣ ሽታሽ፣ መምጠጡና መታቀፏ አንድ ላይ ይሠራሉ። መርፌው ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብለሽ አጥቢያት፤ እየተወጋችም ትጥባ፣ ከዚያም በኋላ። ትንታ ያስፈራሻል? ብዙዎች ይጠይቁኛል። አቅፈሽ እያጠባሽ መከተብ ጉዳት የለውም። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ መጀመሪያ ይሰጣት። ከመርፌዎቹ ፔንታ የሚባለው የአምስት በሽታዎች ክትባት ይቅደም፣ ይበልጥ የሚያመው ፒሲቪ ማለትም የሳንባ ምች ክትባት ይከተል፤ የመጀመሪያው ሕመም ሁለተኛውን እንዳያባብሰው ነው። ቦታውን ማሸት አያስፈልግም።

አንድ ሐሳብ ደግሞ መጣልኝ። በክትባቷ ቀን ልጁንም ይዘሽው ሂጂ፤ የእጥበቱ ቀን እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቂ። «ዛሬ የአንተ ቁስል አይነካም፣ እህትህ ናት የምትወጋው» በዪው፤ እውነት ስለሆነ። በዚያ በር ሳያመው ገብቶ ሳያመው ይውጣ። የሳሙናውን ጠርሙስ እሱ ይያዝ። አንቺ ስታጠቢያት እሱ አጠገብሽ ቆሞ አረፋ ይንፋላት።